ሶሌታው ላይ ምን እንቀባ? በፈሳሽነት የሚቀቡ የውሃ መከላከያዎች ንጽጽር

የአክስቴ ቤት ጂ+1 ነው። ላዩ ቆርቆሮ የለውም፤ ሶሌታ ነው። ልብስ ይሰጣበታል፣ በርበሬ ይሰጣበታል፣ ጥግ ላይ ሮቶ ተቀምጦበታል። ከሦስት ክረምት በፊት፣ ግንቦት ላይ፣ ውሃ እንዲከላከል ነጭ አክሪሊክ ቅብ ተቀባ። ያኔ ሲያዩት ዓይን ይወጋ ነበር። ነሐሴ ላይ የሳሎኑ ኮርኒስ ላይ የሻይ ቀለም ያለው ክብ ብቅ አለ።

ወጥቼ አየሁት። አብዛኛው ሶሌታ ደህና ነው። የተበላሸው ሮቶው ሥር ነው። ሮቶው ሲሞላ ስለሚፈስ እዚያ ጋ ውሃ ዓመቱን ሙሉ ይተኛል። ቅቡ እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ በጣት ይነሳል። አንዷን ቁራጭ ላጥ አድርጌ አሸት አሸት አደረግኳት። ከደብተር ሽፋን አትወፍርም።

እዚያች ቁራጭ ላይ ሁለት ስህተት ይታያል። አንደኛው፣ ውሃ ለሚተኛበት ቦታ የተኛ ውሃ የማይችል ዕቃ መመረጡ። ሁለተኛው ውፍረቱ። ሰው ሁሉ «የቱ ብራንድ ይሻላል?» ይለኛል። እኔ ደግሞ መልሼ እጠይቃለሁ። ውሃው የት ይተኛል? ፀሐይ ያገኘዋል? ላዩ ላይ ሴራሚክ ይመጣበታል ወይስ እንዲሁ ይቀራል? እነዚህ ከተመለሱ ምርጫው ወደ ሁለት፣ ቢበዛ ወደ ሦስት ይወርዳል። ብራንዱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ፈሳሽ ወይስ ጥቅል?

ጥቅሉን ሜምብሬን ታውቁታላችሁ። በእሳት እየተለበለበ የሚለጠፈው ጥቁሩ ነው። ብዙ ጊዜ 4 ሚሊ ውፍረት ይዞ ከፋብሪካ ይመጣል። ሠራተኛው ቢሰንፍም ውፍረቱ አይቀንስም። ድክመቱ መገጣጠሚያው ነው። ሰፊና ለጥ ያለ ሶሌታ ላይ ጥሩ ነው። ቧንቧ በየቦታው ብቅ ባለበት፣ የአንቴና ምሰሶና የሮቶ እግር በተተከለበት፣ ጥግ በበዛበት ላይ ግን እየቆረጡ መቀጣጠል ነው ሥራው። ውሃ ደግሞ ቅጥያ አይስትም።

ፈሳሹ ቅጥያ የለውም። በየጥጉ ይገባል፣ ቧንቧውን ዙሪያውን ያቅፋል። ግን ውፍረቱን ይዞ አይመጣም። ውፍረቱ የሚወሰነው በሠራተኛው እጅና በባለቤቱ ኪስ ነው። ከዚህ በታች ስለየዓይነቱ የምለው ሁሉ በቂ ውፍረት ከተቀባ ብቻ ነው የሚሠራው።

ጥቁሩ ሬንጅ

ከሁሉም ርካሹ እሱ ነው። በውሃ የሚቀጥነው ቢትመን (ሬንጁ ማለት ነው) በብሩሽም በሮለርም ይቀባል፣ ሽታው ቀላል ነው። ጎማ የተጨመረበት ደግሞ የበለጠ ይሳሳባል፣ እንደ ላስቲክ ይለጠጣል ማለት ነው። ቦታው ከመሬት በታች ነው። የመሠረት ግድግዳ ውጪያዊ ፊት፣ አፈር ከመመለሱ በፊት። ወይም ከሊሾ በታች ተሸፍኖ የሚቀር።

ፀሐይ ላይ ከተተወ ይደርቃል፣ እንደ ክረምት ማግስት ጭቃ ይሰነጣጠቃል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ከፍታ በየ1,000 ሜትሩ ሲጨምር አልትራቫዮሌቱ፣ የማይታየው የፀሐይ ጨረር፣ በ10 በመቶ ያህል ይጠነክራል። ስለዚህ ባሕር ዳርቻ ባለ አገር የተሞከረ ዕቃ እዚህ ቶሎ ሲያረጅ አይግረማችሁ። ሶሌታ ላይ ሬንጅ ቀብቶ «ጨርሻለሁ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ላዩ ላይ ምን እንደሚያለብስ ጠይቁት።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። የመሠረት ግድግዳ ተቀብቶ ወዲያው ድንጋይ የበዛበት አፈር ከተደፋበት ይቧጠጣል፤ መከለያ ሰሌዳ ይደረግለት። ሌላው፣ የሚጠጣ ውሃ ታንከር ውስጥ ሬንጅ አይቀባም። በቃ።

በሲሚንቶ የሚሠራው

ይሄ ዱቄትና ፈሳሽ ሆኖ ይመጣል። ዱቄቱ ሲሚንቶና ደቃቅ አሸዋ ነው፣ ፈሳሹ ፖሊመር፣ ማለትም ፕላስቲክ መሳይ ማጣበቂያ። ሲቀላቀል እንደ ወፍራም የአብሽ መረቅ ይሆናል። በብሩሽ ሁለት እጅ ይቀባል፤ ሁለተኛው እጅ የመጀመሪያውን አቋርጦ። የመጀመሪያውን ወደ ላይና ወደ ታች ከሄዳችሁ ሁለተኛውን ወደ ጎን።

እኔ ብዙ የማከብረው ዕቃ ይሄ ነው። አይታይም፣ አያምርም፣ ማስታወቂያውም ብዙ አይደለም። ግን ሌሎቹ የማይችሉትን ይችላል። ርጥብ ኮንክሪት ላይ ይይዛል፤ እንዲያውም ከመቀባቱ በፊት ግድግዳውን ውሃ ታጠጡታላችሁ። ሴራሚክ በቀጥታ ላዩ ላይ ይለጠፋል። ባለሙያው «ኔጋቲቭ ሳይድ» የሚለውንም ይቋቋማል። ይህ ማለት ውሃው ከውጭ፣ ከአፈሩ ወገን እየገፋ፣ እናንተ ግን ከውስጥ ብቻ መቀባት ስትችሉ ነው። ምድር ቤት ውስጥ ላስቲክ መሳይ ቅብ ብትቀቡ ውሃው ከኋላ ገፍቶ እንደ ፊኛ ያነሳዋል። የሲሚንቶው ግን ከኮንክሪቱ ጋር ስለሚዋሃድ ይይዛል።

ስለዚህ መታጠቢያ ቤት፣ ምድር ቤት፣ የኮንክሪት ታንከር የእሱ ናቸው። ለታንከር ስትገዙ ለመጠጥ ውሃ የተፈቀደ መሆኑን ወረቀቱ ላይ እዩ። ድክመቱ አለመሳሳቡ ነው። ጠንካራው ዓይነት ጨርሶ አይሳሳብም። «ፍሌክሲብል» የሚባለው ትንሽ ይሻላል። ቀን ከሌት የሚንቀሳቀስ ሰፊ ሶሌታ ላይ ሳይሸፈን ግን አላምነውም።

ሶሌታ ይንቀሳቀሳል ወይ? አዎ። 10 ሜትር ርዝመት ያለው ኮንክሪት በ20 ዲግሪ ልዩነት 2 ሚሊ ያህል ይረዝማል፣ ያጥራል። ኅዳር ላይ ቀን ፀሐዩ ሶሌታውን እግር እስኪያቃጥል ያግለዋል፣ ሌሊት ብርዱ ይጨመድደዋል። በየቀኑ እንዲህ ነው።

አክሪሊክ፣ ነጩ

ሶሌታ ላይ ብዙ ሰው የሚያውቀው ይሄን ነው። ባልዲ ተከፍቶ፣ ተማስሎ፣ በሮለር ይቀባል። ብሩሹ በውሃ ይታጠባል። ፀሐይን በደንብ ይችላል፣ ይሳሳባል፣ ነጭ ስለሆነ ሙቀት ይመልሳል። ድሬዳዋ ወይም ሰመራ ላይ ቤት ያለው ሰው ለዚህ ብቻ ብሎ ቢቀባው አይሳሳትም።

የማይችለው የተኛ ውሃ ነው። ውሃ ለቀናት ከተኛበት ይጠጣል፣ ይለሰልሳል፣ ይላጣል። የአክስቴ ሮቶ ሥር የሆነው ይሄ ነው። መለኪያው ቀላል ነው። ዝናብ ካባራ ከ48 ሰዓት በኋላ ወጥታችሁ እዩ። አሁንም ኩሬ ካለ ውሃ ይተኛል ማለት ነው። ያኔ ወይ በሊሾ ወደ አሸንዳው አዘንብላችሁ ተዳፋት ታወጣላችሁ፣ ወይ ሌላ ዕቃ ትመርጣላችሁ። ተዳፋቱ ብዙ አይደለም። በአንድ ሜትር ከ1 እስከ 2 ሳንቲም ይበቃል።

አንድ ነገር ልጨምር። ባልዲው ላይ «ፒዩ» የሚል ቃል ስለተጻፈ ፖሊዩሬቴን፣ ቀጥሎ የማነሳው ውዱ ዕቃ፣ ነው ማለት አይደለም። ሻጩን «ብሩሹ በምን ይታጠባል?» በሉት። «በውሃ» ካለ አብዛኛውን ጊዜ የአክሪሊክ ዘመድ ነው። መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። በፒዩ ዋጋ አትግዙት ነው የምለው።

ፖሊዩሬቴን

እውነተኛው ፒዩ ብዙውን ጊዜ ከአየር ርጥበት ጋር ተዋህዶ ነው የሚደርቀው። ሲደርቅ ጎማ ይሆናል። ወረቀቱ ላይ ብዙ ጊዜ ከ300 በመቶ በላይ ይሳሳባል ተብሎ ታገኙታላችሁ። የተኛ ውሃ አያስጨንቀውም። ለሶሌታ ብር ካለ እኔ እሱን ነው የምለው።

ግን ቅንጡ ነው። ደረቅ ነገር ይፈልጋል። የኮንክሪቱ ርጥበት ከ4 ወይም ከ5 በመቶ በታች እንዲሆን አምራቾቹ ይጠይቃሉ። መለኪያ መሣሪያ ከሌላችሁ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር ጥርት ያለ ፕላስቲክ አንጥፋችሁ አራቱንም ጎን በፕላስተር እሸጉት። በማግስቱ አንሱት። ከሥሩ ጠብታ ካለ ወይም ኮንክሪቱ ከጠቆረ አልደረሰም፤ ጠብቁ። አዲስ ሶሌታ ከሆነ ቢያንስ 28 ቀን። ፕራይመርም፣ ቅቡ እንዲይዝ ቀድሞ የሚቀባው፣ አይዘለልም።

ሰዓቱም ወሳኝ ነው። ጠዋት ፀሐይ ኮንክሪቱን እያሞቀችው ከቀባችሁ ውስጡ ያለው አየር እየተነፋ ይወጣና ቅቡን ጉብ ጉብ ያደርገዋል። ከሰዓት፣ ሙቀቱ ቁልቁል ሲጀምር መቀባት ይሻላል። ግን ጤዛ ሳይደርስ ላዩ መያዝ አለበት። መስኮቷ ጠባብ ናት። ይህን የማያውቅ ቀቢ ውድ ዕቃ ያበላሽባችኋል።

ሁለት ዓይነት እንዳለም እወቁ። ርካሹ፣ አሮማቲክ የሚባለው፣ ፀሐይ ላይ ቢጫ ይሆናል፣ በጊዜ ብዛት ላዩ እንደ ጠመኔ ይቦናል። አሊፋቲክ የሚባለው ቀለሙን ይጠብቃል፣ ግን ይወደዳል። የተለመደው መፍትሔ ሥሩን በርካሹ አወፍሮ ላዩን በውድ ስስ ንብርብር መሸፈን ነው። ሴራሚክ የሚመጣበት ከሆነ ፀሐይ ስለማያገኘው ርካሹ ብቻ ይበቃል። ያኔ የመጨረሻው እጅ ሳይደርቅ ደረቅ አሸዋ ይበተንበታል፤ አለዚያ የሴራሚኩ ሙጫ አይዝም። ሽታውና ኬሚካሉም ቀልድ አይደለም። በተዘጋ ክፍል ያለ ጭምብል አይሠራም፣ ልጆችም ይራቁ።

የቀሩት በአጭሩ

ፖሊዩሪያ በማሽን ነው የሚረጨው። ሁለቱ ፈሳሾች ሞቀው በከፍተኛ ግፊት አፈሙዙ ላይ ይገናኛሉ፣ በሰከንዶች ውስጥ ይረጋሉ። ለመጋዘን፣ ለመኪና ማቆሚያ፣ ለትልቅ ታንከር ግሩም ነው። ለ60 ካሬ ሶሌታ ማሽንና ባለሙያ ማስመጣት ግን ዝንብን በመድፍ ነው።

ሲሊኮን ፀሐይንም የተኛ ውሃንም ይችላል። ችግሩ በኋላ ይመጣል። ከሌላ ሲሊኮን በቀር ምንም ነገር አይለጠፍበትም። ዛሬ ስትቀቡት ወደፊትም ሲሊኮን ብቻ ለመቀባት ፈርማችኋል። ሲረጥብም ያንሸራትታል።

ኢፖክሲ ጠንካራ ነው፣ ያምራል፣ ለውስጥ ወለል ይሁን። ሶሌታ ላይ ግን አይሳሳብም። ኮንክሪቱ ሲሰነጠቅ አብሮ ይሰነጠቃል፣ ፀሐይም ቢጫ ታደርገዋለች።

ባልዲው ይቆጠር

አሁን ወደ ደብተር ሽፋኗ እንመለስ። ሒሳቡን አክስቴ ጓሮ ተቀምጠን ነው የሠራነው፣ ቡና እየፈላ።

አንድ ሊትር ፈሳሽ አንድ ካሬ ላይ ሲዘረጋ ውፍረቱ በትክክል 1 ሚሊ ነው። ይሄ የትም አገር አይለወጥም። ግን ፈሳሹ ውስጥ የሚተን ነገር አለ። ከመጠኑ ግማሹ ውሃ ከሆነ ሲደርቅ ግማሽ ሚሊ ይቀራል። ስለዚህ ደርቆ 1 ሚሊ እንዲሆን ለአንድ ካሬ 2 ሊትር ያስፈልጋል።

የአክስቴ ሶሌታ 60 ካሬ ነው። 120 ሊትር ማለት ነው። የ20 ኪሎ ባልዲ፣ አንዱ ሊትር 1.3 ኪሎ ቢመዝን፣ ወደ 15 ሊትር ይይዛል። 8 ባልዲ።

«ስንት ባልዲ ነበር የመጣው?» አልኳት።

«ሁለት» አለች። «ደሞ ልጁ ቆንጆ አድርጎ ውሃ ጨምሮ ነው ያዳረሰው፣ አልተረፈውም አልጎደለውም።»

ሁለት ባልዲ 30 ሊትር ነው። በ60 ካሬ ሲካፈል ርጥቡ ግማሽ ሚሊ፣ ደረቁ ሩብ ሚሊ። የተጨመረው ውሃ ደግሞ ዕቃውን አያበዛውም፤ ማዳረሻ ብቻ ነው። ከሚያስፈልገው ሩቡን ብቻ ቀብተን ነው ክረምቱን የጠበቅነው። ቀቢውን ልጅ ብዙ አልወቀስኩም። ዋጋ የተደራደርነው «ሁለት እጅ» ብለን ነው፣ እሱም ሁለት እጅ ቀብቷል።

ስንጥቅ ላይ ደግሞ ውፍረት ከሁሉም ይበልጣል። ወረቀቱ 400 በመቶ ይሳሳባል ይላል። ስንጥቅ ግን ከዜሮ ነው የሚከፈተው። ቅቡ ግራና ቀኝ ተጣብቋል፤ በመሃል ለመሳሳብ ነፃ የሆነ ርዝመት የለውም ማለት ይቻላል። ስስ ከሆነ መቶኛው ምንም ቢል ይበጠሳል። ለዚህ ነው ስንጥቅ፣ ጥግና ቧንቧ ዙሪያ ላይ በመጀመሪያውና በሁለተኛው እጅ መካከል ጨርቅ መሳይ መረብ የሚቀበረው።

ስለዚህ ዋጋ ስትጠይቁ በባልዲ አትጠይቁ። «ለአንድ ካሬ ስንት ኪሎ ትቀባለህ? ሲደርቅ ስንት ሚሊ ይሆናል?» በሉ። በዚያ ስታሰሉት ርካሽ የመሰለው ባልዲ አንዳንዴ ውድ ሆኖ ይወጣል። ከዚያ ሁለት ነገር ውል ውስጥ አስገቡ። ባዶ ባልዲዎቹ ክፍያ እስኪፈጸም ሶሌታው ላይ ይቆዩ። ሁለቱ እጆች ደግሞ ቀለማቸው ይለያይ፣ ለምሳሌ አንዱ ግራጫ፣ አንዱ ነጭ። የተዘለለው ቦታ ራሱ ያሳብቃል።

እኔ ብሆን

ለመታጠቢያ ቤት የሲሚንቶውን፣ ፍሌክሲብሉን። ወለሉን በሙሉ፣ ግድግዳውን ከወለል 20 ሳንቲም ያህል ወደ ላይ፣ ሻወሩ የሚመታውን ግድግዳ ደግሞ እስከ ራስ በላይ። እዚህ ሌላ ነገር ማሰብ አያስፈልግም።

ለመሠረት ግድግዳ ከውጭ ሬንጁን፣ ከነመከለያው። ቤቱ አልቆ ከውስጥ ብቻ የሚደረስ ከሆነ የሲሚንቶውን።

ለሶሌታ፣ ተዳፋቱ ጥሩ ከሆነና ሰው ብዙ ካልረገጠው፣ አክሪሊክ፤ ግን 8 ባልዲውን። በየተወሰነ ዓመቱ አንድ እጅ እንደምትጨምሩበት እያወቃችሁ። ውሃ የሚተኛ ከሆነ ወይም ሰው የሚውልበት ከሆነ ፒዩ። አክስቴ መጨረሻ ላይ የመረጠችው ሁለቱንም ነው። ሮቶው ሥርና ወደ አሸንዳው የሚወስደው መንገድ ፒዩ፣ ሌላው አክሪሊክ። ሮቶው ራሱም ተጠገነ፤ ወጪው ከሁሉ የቀለለ ነበር። አሮጌው አክሪሊክ ያልለቀቀበት ቦታ ላይ ከመቀባታችን በፊት በቢላ መስቀል ጭረን፣ ፕላስተር ለጥፈን፣ ቡጭቅ አድርገን ሞከርን። ያልተነሳውን ተውነው፣ የተነሳውን እስከ ኮንክሪቱ ፋቅነው።

ከመቀባት በፊት ደግሞ የሚያፈሰው በርግጥ ሶሌታው መሆኑን አረጋግጡ። ጥርና የካቲት ላይ ያለ ዝናብ የሚረጥብ ኮርኒስ ብዙውን ጊዜ የቧንቧ ወይም የሚፈስ ሮቶ ጉዳይ ነው። ቧንቧ ሠራተኛ ጥሩ እንጂ ቀለም አትግዙ።

ተቀብቶ በደንብ ከደረቀ በኋላ የአሸንዳውን አፍ ዘግታችሁ ውሃ አስተኙበትና 24 ሰዓት፣ ቢቻል 48 ሰዓት ጠብቁ። 2 ወይም 3 ሳንቲም ይበቃል። 5 ሳንቲም ውሃ በአንድ ካሬ 50 ኪሎ ይመዝናል። ያረጀ ሶሌታ ላይ ይህን መጫን ከፈለጋችሁ መጀመሪያ መሐንዲስ ይየው። ሳይረሳ፣ አክሪሊኩን ለፈተና ብላችሁ ከሁለት ቀን በላይ ውሃ ውስጥ አታቆዩት።

መቼ?

ከጥቅምት እስከ ጥር። ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ ደመናው ሲጠቁር ነው። ያኔ ቀቢው ተወዷል፣ ኮንክሪቱም የበልጉን ውሃ ጠጥቷል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ብርዱን ብቻ ጠብቁ። አክሪሊክ ከ5 እስከ 10 ዲግሪ በታች በደንብ አይያያዝም፤ ጤዛው ሳይረግፍ አትጀምሩ፣ ማታም እስኪመሽ አትቀቡ።

አሁን ሐምሌ ላይ ሆናችሁ እያፈሰሰባችሁ ከሆነ ምንም አትቀቡ። እርጥብ ላይ የተቀባ ቅብ መስከረም ላይ ይላጣል፣ ጥቅምት ላይ ደግሞ እሱን ለመፋቅ ትከፍላላችሁ። ሶሌታው ላይ ውጡ፣ የአሸንዳውን አፍ ከቅጠልና ከፌስታል አጽዱ፣ ኩሬ የሚሠራበትን ቦታ ዙሪያውን በጠመኔ ወይም በከሰል አስምሩና ፎቶ አንሱ። ኮርኒሱ ላይ የሚንጠባጠብበትንም ቦታ ከሁለት ግድግዳ ለክታችሁ ጻፉ። ውሃ ሶሌታ ውስጥ ጎን ለጎን ስለሚሄድ ሁለቱ ነጥቦች ላይገጥሙ ይችላሉ። ጥቅምት ላይ ቀቢው ሲመጣ ያንን ፎቶ አሳዩት፣ ዋጋውንም ከዚያ በኋላ ይንገራችሁ።